አጥንት ሕያው አካል መሆኑ እንዴት ታወቀ?

ከሰው የአካል ክፍሎች መካከል ከሞት በኋላ ለረጅም ዘመን ሳይፈርስ የሚቆየው አጥንት ነው። የጥንት ሐኪሞች ልብንና ጉበትን ከፍተው ለመመርመር ፈቃድም ድፍረትም ባልነበራቸው ጊዜ እንኳ አጥንትን በእጃቸው አንሥተው ማየት የቻሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ዕድል ለረጅም ስሕተት በር ከፈተ። የሚያገላብጡት አጥንት ደሙ የተሟጠጠ፣ በፀሐይ የነጣ፣ የሞተ አጥንት ስለነበር በሕይወት ባለ ሰው ውስጥ ያለውም እንዲሁ ደረቅ ድጋፍ መሰላቸው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጋለን አጥንትን ከድንኳን ምሰሶና ከቤት ግድግዳ ጋር አመሳስሎታል። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ አጥንት ሰውነትን እንደሚያቆም በትክክል ይገልጻል። ጉድለቱ ምሰሶ የማይበላ፣ የማይተነፍስና የማያድግ ነገር መሆኑ ነው።

ጎልማሳ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። ይህ አፅም የደም ሕዋሳት የሚመረቱበት፣ በሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ የሚከማችበት፣ በየዓመቱም ከዐሥር አንድ እጁ ገደማ ፈርሶ እንደገና የሚሠራ ሕያው አካል መሆኑን ዛሬ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ያውቃል። ከጋለን ምሰሶ እስከዚህ ዕውቀት ለመድረስ ግን ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመታት በላይ ፈጅቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጋለን በትንሿ እስያ በምትገኘው በጴርጋሞን ከተማ ተወልዶ በዚያው የግላዲያተሮች ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። ቁስልና ስብራት አይቶ የጠገበ ሰው ነበር። ነገር ግን የሰውን አስከሬን መክፈት በዘመኑ ያልተለመደ በመሆኑ አብዛኛውን የአናቶሚ ጥናቱን ያካሄደው በጦጣና በሌሎች እንስሳት ላይ ነው። የሰውን አፅም በዓይኑ ያየባቸውን አጋጣሚዎች ራሱ መዝግቧል፤ አንደኛው ወንዝ ሞልቶ ከመቃብር ያወጣው አስከሬን ሲሆን ሌላው መንገድ ዳር ተገድሎ ሳይቀበር የቀረ የወንበዴ አፅም ነው። ተማሪዎቹም የሰው አፅም ማየት ወደሚቻልባት ወደ እስክንድርያ እንዲሄዱ ይመክር ነበር። ያም ሆኖ የሰው የታችኛው መንጋጋ ከሁለት አጥንቶች የተጋጠመ ነው፣ የደረት አጥንትም ሰባት ክፍሎች አሉት ብሎ ጻፈ። ቃሉ ከሺህ ዓመት በላይ ሳይነካ ኖረ።

ግልጽ እርማት የመጣው ከአንድ አስከፊ ረሃብ ነው። ከ1200 ጀምሮ የአባይ ሙላት በግብፅ እጅግ አነሰ። የዚያ ሙላት አብዛኛው ውሃ በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ስለሆነ የደጋው ዝናብ ሲጎድል የግብፅ እርሻ መራቆቱ አይቀርም ነበር። ሕዝቡ በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ፤ ሬሳ የሚቀብር ጠፋ። በዚያን ጊዜ አብዱልለጢፍ አል-ባግዳዲ የተባለ ከባግዳድ የመጣ ሐኪም በካይሮ ያስተምር ነበር። አል-መቅስ በተባለው ስፍራ አፅም እንደ ኮረብታ መከመሩን ሰምቶ ተማሪዎቹን ይዞ ሄደና ከሁለት ሺህ በላይ የራስ ቅሎችን መረመረ። የታችኛው መንጋጋ በሁሉም ላይ አንድ አጥንት ሆኖ ተገኘ፤ መገጣጠሚያ ያለበት አንድም አልነበረም። ጋለን ታላቅ ቢሆንም ዓይን ያየው ከእርሱ ቃል ይበልጥ ሊታመን ይገባል የሚል ትርጉም ያለው አስተያየትም በመጽሐፉ አሰፈረ። እዚህ ላይ ለጋለን ትንሽ መከራከር ይቻላል። በብዙ እንስሳት የመንጋጋው ሁለት ግማሾች ዕድሜ ልክ ሳይዋሐዱ ይቆያሉ፤ በሰው ልጅም ቢሆን ሕፃን ሲወለድ ሁለት ሆነው በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት ነው የሚዋሐዱት።

የአል-ባግዳዲ ግኝት ለብዙ ዘመን ወደ አውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሳይደርስ ቀረ። በዚያ በኩል ያው እርማት እንደ አዲስ የተጀመረው አንድሪያስ ቬሳሊየስ በተባለ የብራስልስ ተወላጅ ነው። ቬሳሊየስ ገና ወጣት ሳለ በ1536 በሉቫን ከተማ ውጪ ከመስቀያ እንጨት ላይ የቀረ የወንጀለኛ አፅም በድብቅ እየነቀለ ወደ ቤቱ ማጓጓዙን ተናግሯል። በ1543 የሰውን አካል አሠራር የሚያትተውን ታላቅ መጽሐፉን ባዝል ላይ ሲያሳትም ገና 28 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ የተቀጣ ወንጀለኛ አፅም ገጣጥሞ ያቆመ ሲሆን አፅሙ እስከ ዛሬ በባዝል ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ ሙዚየም ይገኛል። የፓሪስ መምህሩ ሲልቪየስ ግን ተማሪው ጋለንን ማረሙን ሊቀበል አልቻለም። ልዩነት ካለ ከጋለን ዘመን ወዲህ የተለወጠው የሰው አካል ነው አለ፤ የጭን አጥንት ጋለን እንዳለው ጎባጣ ሆኖ ያልተገኘውም ሰዎች ጠባብ ሱሪ መልበስ ስለ ጀመሩ ነው ማለቱ ይነገርለታል። መጽሐፍን ላለማረም ሰውን ማረም ይሏል ይህ ነው።

ሆኖም ቬሳሊየስም ቢሆን በሚያስደንቅ ጥራት ያሳየው ቅርጽን ነው። አጥንት በውስጡ ሕይወት እንዳለው የሚያመለክተው ፍንጭ መታየት የጀመረው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ነው። እንግሊዛዊው ክሎፕተን ሃቨርስ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ በጠንካራው አጥንት ውስጥ ቀጫጭን ቦዮች መኖራቸውን ገለጸ፤ ቦዮቹ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። እርሱ የአጥንት ዘይት መተላለፊያ መስለውት ነበር፤ በእርግጥ የሚያልፍባቸው ግን ደምና ነርቭ ነው።

ወሳኙ ማስረጃ የተገኘው ከምርመራ ጠረጴዛ ሳይሆን ከምግብ ገበታ ነው። በ1736 ጆን ቤልቺየር የተባለ የለንደን የቀዶ ሕክምና ባለሙያ አንድ የጨርቅ ማቅለም ሥራ የነበረው ሰው ቤት ተጋብዞ ሳለ በቀረበለት የአሳማ ሥጋ ውስጥ ያለው አጥንት ቀይ ሆኖ አየ። ሥጋው መልኩ አልተለወጠም። ነገሩን ሲያጣራ አሳማዎቹ የሚበሉት ፉርሽካ ከማቅለሚያው የተረፈ ማደር የተባለ የቀይ ተክል ሥር የተቀላቀለበት መሆኑን ተረዳ። በሌሎች እንስሳት ላይ ሞክሮ ያው ውጤት ስላገኘ ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ጻፈ። የዚህ ትርጉም ቀላል አልነበረም። ከሆድ የገባ ቀለም በደም ተጉዞ ወደ አጥንት ደርሶ እዚያው ከተቀመጠ አጥንት የደረቀ ምሰሶ ሊሆን አይችልም፤ ደም ይገባዋል፣ ከደሙም ይቀበላል ማለት ነው።

ይህ ባሕርይ ዛሬም በሁለት በኩል ይታያል። ቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት አዲስ በሚሠራ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ለሕፃናት እንዳይሰጥ የሚመከረውም፣ የአጥንት ተመራማሪዎች የአጥንትን አሠራር ፍጥነት የሚለኩበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛውና ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች የቀረበው ምሳሌ በስምጥ ሸለቆ ያለው ነው። በወንጂ የስኳር እርሻ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት ሲጠጡ በኖሩ ሠራተኞች ላይ አጥንታቸው ሲደድር፣ ጅማታቸው ወደ አጥንትነት ሲለወጥ፣ አከርካሪያቸው ሲደርቅ፣ አንዳንዶቹም ኅብለ ሰረሰራቸው ተጨቁኖ ሽባ ሲሆኑ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የቤልቺየር አሳማዎች ቀለም እንደ ወሰዱ ሁሉ የሰው አጥንትም ውሃው የሚያመጣለትን ይወስዳል።

የቤልቺየርን ጽሑፍ ካነበቡት አንዱ ፈረንሳዊው ዱሃሜል ዱ ሞንሶ ነበር። ሙያው የዕፅዋትና የእርሻ ጥናት ሲሆን እንስሳትን ለተወሰነ ጊዜ ማደር እያበላ፣ ለተወሰነ ጊዜ እየከለከለ ሲያያቸው በአጥንታቸው ውስጥ ቀይና ነጭ ንብርብር ተፈራርቆ አገኘ። ይህም ሥራው የሚያውቀውን የዛፍ ግንድ ቀለበት አስታወሰው። በተጨማሪም በሚያድግ እንስሳ አጥንት ዙሪያ የብር ሽቦ አስሮ ከቆይታ በኋላ ሲመለከት ሽቦው በአዲስ አጥንት ተሸፍኖ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። አጥንት በውፍረቱ የሚያድገው ከላይ በለበሰው ስስ ሽፋን በኩል እየተጨመረበት መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ርዝመቱ ደግሞ ከመካከል ሳይሆን ከጫፎቹ እንደሚጨምር በ1727 እስቲቨን ሄልስ በጫጩት አጥንት ላይ ሁለት ቀዳዳ በስቶ አሳይቷል፤ ጫጩቷ ስታድግ አጥንቱ ረዘመ እንጂ የቀዳዳዎቹ ርቀት አልተለወጠም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀረ። ከውጪ እየተጨመረ ብቻ ቢሄድ የሕፃን አጥንት ሲያድግ እጅግ ከባድና ድፍን በሆነ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጆን ሃንተር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በዚያው የማደር ሙከራ መልሱን አገኘ፦ ከውጪ ሲሠራ ከውስጥ ይፈርሳል። አጥንት የሚቀረጸው በመጨመር ብቻ ሳይሆን በመቀነስም ነው። ይህ በአፅም ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚልቅ ሐሳብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም የአጥንት በሽታ ማለት በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ሚዛን መዛባት ነውና። አፍራሾቹን ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ለይቶ ስም የሰጣቸው አልበርት ኮሊከር ሲሆን ዘመኑ 1873 ነው። ሠሪዎቹ ሕዋሳት አፍራሾቹን በምን መልእክት እንደሚያንቀሳቅሱ የታወቀው ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከማረጥ በኋላ የሴቶች አጥንት የሚሳሳው የኤስትሮጅን መቀነስ አፍራሾቹን ስለሚያበረታ መሆኑም የዚሁ ዕውቀት ክፍል ነው።

መቅኒን በሚመለከት የነበረው እምነት ከምሰሶው ያነሰ ስሕተት አልነበረም። ጥንታውያኑ መቅኒ የአጥንት ምግብ ነው ይሉ ነበር፤ ቅልጥም ለሚወድ ሰውም መቅኒ እስከ ዛሬ ስብ ብቻ ነው። በ1868 ኤርንስት ኖይማን በጀርመን፣ ጁሊዮ ቢዞዜሮ በጣሊያን፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው የደም ሕዋሳት የሚመረቱት በመቅኒ ውስጥ መሆኑን ገለጹ። በመተማና በሁመራ አካባቢ ትኩሳትና የጣፊያ እብጠት ይዞ ለመጣ የቀን ሠራተኛ የካላ-አዛር ምርመራ ሲደረግ መርፌው ወደ አጥንት የሚገባው ይህ ስለታወቀ ነው።

በዚያው ዘመን በዙሪክ ሄርማን ፎን ማየር የተባለ የአናቶሚ ምሁር በቁመቱ የተሰነጠቀ የጭን አጥንት ለጉባኤ ያሳያል። ከተሰበሰቡት መካከል የነበረው መሐንዲስ ካርል ኩልማን በአጥንቱ ራስ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክሮች የተደረደሩበት መሥመር እርሱ ለከባድ ዕቃ ማንሻ ክሬን ካሰላው የኃይል መሥመር ጋር መመሳሰሉን አየ። ጁሊየስ ቮልፍ ይህን ሐሳብ ለብዙ ዓመታት አጥንቶ በ1892 ሕግ አድርጎ አቀረበው፤ አጥንት ጭነት በሚበዛበት በኩል ይጠነክራል፣ ጭነት ባጣበት በኩል ይሳሳል። ወደ ጠፈር የሄዱ ተጓዦች ከዳሌያቸው አጥንት በየወሩ ከአንድ በመቶ በላይ የሚያጡት፣ ለወራት አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛም አጥንቱ የሚሳሳው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ሕጉ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በኋላም ሊነበብ መቻሉ ነው። በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ሉሲ ወይም ድንቅነሽ የዳሌና የጉልበት አጥንቷ ቀጥ ብላ ትራመድ እንደ ነበር ያሳያል። በ2016 በሲቲ ስካን ምስሎች ላይ ተመሥርቶ የታተመ ጥናት ደግሞ የክንዷ አጥንት ከእግሯ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የጠነከረ መሆኑን ገልጾ ዛፍ መውጣትም ታዘወትር ነበር የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሷል።

እስከ 1895 ድረስ ሐኪም በሕይወት ያለን ሰው አጥንት ሳይቆርጥ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር ቪልሄልም ሮንትገን በጀርመን ቩርትስቡርግ ከተማ ራጅን አገኘ፤ በታኅሣሥም የሚስቱን እጅ አጥንት ከነቀለበቷ አነሣ። አዲሱ መሣሪያ በጦር ቁስለኞች ላይ መጀመሪያ ከዋለባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የዐድዋ ጦርነት በተካሄደበት በ1896፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው በተመለሱ ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች ለመፈለግ ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ራጅ ተጠቀመ። ሮንትገን ግኝቱን ይፋ ካደረገ ገና ወራት ብቻ ነበር ያለፉት።

ራጅ ካስገኛቸው ጥቅሞች አንዱ ሪኬትስን ከሥሩ መከታተል መቻሉ ነው። የሕፃናት አጥንት ለስልሶ የሚጎብጥበትን ይህን በሽታ ፍራንሲስ ግሊሰን በ1650 በሰፊው ጽፎበት ነበር፤ ጭስ የሸፈናቸው የአውሮፓ የኢንዱስትሪ ከተሞች ካደጉ ወዲህ ግን በእጅጉ ተስፋፋ። በ1919 ኤድዋርድ ሜላንቢ በለንደን ቡችሎችን በምግብ ለበሽታው አጋልጦ በዓሣ ጉበት ዘይት እንደሚከላከል አሳየ። በዚያው ዓመት ኩርት ሁልድሺንስኪ በበርሊን የታመሙ ሕፃናትን በአልትራቫዮሌት መብራት አሞቀና አጥንታቸው ካልሲየም ሲሞላ በራጅ ተከታተለ። አንዱ ከምግብ፣ ሌላው ከብርሃን አገኙት፤ ነገሩ ግን አንድ ነበር። በ1922 ኤልመር ማኮለም ቫይታሚን ዲ የሚል ስም ሰጠው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኢትዮጵያን ባልነካት ነበር። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባላት ሀገር ሪኬትስ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ማን ነው? ሆኖም ሕፃኑ ከብርድ፣ ከምችና ከሰው ዓይን ይጠበቅ ተብሎ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ከዋለ የውጪው ፀሐይ አይረዳውም። በአዲስ አበባ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ1997 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ከገቡ 500 ሕፃናት በ210ዎቹ፣ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱ 500 ሕፃናት ደግሞ በ20ዎቹ ላይ ሪኬትስ አግኝቷል። ሌሎች ምክንያቶች ከተስተካከሉ በኋላም የሳንባ ምች ዕድል ሪኬትስ ባለባቸው ላይ ከ13 እጥፍ በላይ ነበር። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ሕፃኑ አየር በሳበ ቁጥር ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሳሉ ኃይል ያጣል፤ አክታው ይቋጠራል። የአጥንት በሽታ የሚገድለው በሳንባ በኩል ነው። ትንፋሹ የፈጠነ ሕፃን ሲመጣ የእጅ አንጓውንና የጎድን አጥንቱን ጫፍ መዳሰስ ከደቂቃ በላይ አይወስድም፤ እናቲቱን ልጁ ፀሐይ ይሞቃል ወይ ብሎ መጠየቅም እንዲሁ።

በሌላ በኩል ምሰሶው እስከ ዛሬ ያልወደቀበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የስብራት አያያዝ ነው። የተሰበረ አጥንት በሚጠገንበት ጊዜ መጀመሪያ ደም ይቋጠራል፣ ቀጥሎ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ድልድዩ ወደ አጥንት ይለወጣል፣ በመጨረሻም ሃንተር እንዳየው ትርፉ እየፈረሰ ቅርጹ ይስተካከላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደም ሲደርሰው ነው። በእንግሊዝ ሀገር ይህን በሚገባ ከተረዱት አንዱ የወጌሻ ልጅ ነበር። ኢቫን ቶማስ በሊቨርፑል የታወቀ ወጌሻ ሲሆን ሐኪሞች በተደጋጋሚ ስለከሰሱት ልጆቹን ሕክምና አስተማረ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሂዩ ኦወን ቶማስ የአባቱን የእጅ ጥበብና የትምህርት ቤቱን ዕውቀት አዋሕዶ፣ እግርን በመጨፍለቅ ሳይሆን በመሳብ አሳርፎ የሚይዝ የብረት ድጋፍ ፈለሰፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚስቱ የወንድም ልጅ ሮበርት ጆንስ ይህ ድጋፍ በጦሩ ውስጥ እንዲስፋፋ ባደረገ ጊዜ በጭን አጥንት ስብራት የሚሞቱት ወታደሮች ቁጥር ከ80 በመቶ ገደማ ወደ 20 በመቶ አካባቢ መውረዱ ይጠቀሳል።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ስብራት ዛሬም በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ክፍያው ቀላል ነው፣ ብዙዎቹም አጥንት በመዳሰስ ረገድ ያላቸው ችሎታ የሚናቅ አይደለም። አደጋው ያለው ከማሰሪያው ላይ ነው። የተሰበረ ምሰሶ አጥብቀው ባሰሩት መጠን ይጸናል፤ የተሰበረ ክንድ ግን በቀርከሃና በጨርቅ ተጠፍሮ ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ ያጣና ደሙ ይቆማል። ደም ያጣ ጡንቻ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ወደማይመለስ ጉዳት ይገባል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሕፃኑ ጣቶቹ ጠቁረው ሆስፒታል ሲደርስ፣ መጀመሪያ የተሰበረው በጥቂት ሳምንታት ሊድን የሚችል አጥንት ሆኖ ሳለ፣ የሚቀረው ምርጫ እጁን መቁረጥ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ዙሪያውን የተጠመጠመና ያልተሰነጠቀ የሆስፒታል ጄሶም ይህንኑ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

በ2005 በአንድ ዓለም አቀፍ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ለወጌሾች የተሰጠን የአንድ ቀን ትምህርት ውጤት ተከታትሏል። ወጌሾቹን ከሥራቸው ለማስወጣት የታሰበ ትምህርት አልነበረም፤ የተፈለገው ማሰሪያው የሚያስከትለውን የደም መቋረጥ እንዲያውቁና እንዲከላከሉ ነው። ከትምህርቱ በኋላ በዚያ አካባቢ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጡ እጆችና እግሮች ቁጥር ቀነሰ።